ከግራ በኩል የሚመጣ ቡጢ

ህዳር 18፣ ሰኞ። ጠዋት 2፡00

ከሩጫ ተመልሰናል። ጉሙ የሊማሊሞን አፋፍ ጨርሶ ውጦታል። ከፊቴ የሚሮጡትን የምለያቸው በኮቴያቸው ነው። ከቦክስ ልጆቼ ሰባት መጡ። ሁለቱ በብርድ አመካኝተው ቀሩ። አልተቆጣሁም፤ የደባርቅ ህዳር ማንንም ያስቀራል።

ማስሬ 59 ኪ.ግ.። ጾም ስለገባ ክብደቱ አያሳስበኝም። ጉልበቱ ነው። ባቄላ፣ ተልባ፣ ቆሎ። እንቁላል ብዬ አፌን ብከፍት ለንስሐ አባቱ ይነግርብኛል።

ማስሬን ታውቀዋለህ ደብተሬ፤ ያለፈው ጓደኛህ ከዳር እስከ ዳር የተሞላው በእሱ ነው። ማስረሻ፣ የዳባት ልጅ፣ ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ በበቅሎ እንግዳ ጭኖ ተራራው ላይ ካለው የጨነቅ ካምፕ እያደረሰ የሚኖር። እጁ እንደሱ የፈጠነ ሰው በዚህ አገር አላየሁም።

ለጎንደሩ ውድድር ሃያ አምስት ቀን ቀረ።

አንድ ነገር ከንክኖኛል። ትናንት ልምምድ ላይ፣ ተጋጣሚው በቀኝ እጁ የሰነዘረውን ሁሉ ፊቱ ላይ ተቀበለ። ሦስቴ። ያውም ገና ከጀመረ ዓመት ካልሞላው ልጅ። ጋርድህ ወርዷል ብዬ ጮህኩበት። ፈገግ አለ።

እጁ ግን አልወረደም ነበር። ቆሜ አይቻለሁ።

ህዳር 20፣ ረቡዕ። ከምሳ በኋላ

ስፖርት ጽ/ቤት ተጠርቼ ነበር። ኃላፊው ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ሻይ ሲታዘዝልኝ ያኔውኑ ገባኝ። የምንለማመድበት አዳራሽ ለሌላ ሥራ ተፈልጓል። ዘንድሮ ከጎንደር ሜዳሊያ ይዤ ከመጣሁ እሱ ራሱ ይሟገትልኛል። ባዶ እጄን ከመጣሁ ግን ምን ብሎ ይናገር? ጨዋ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የእህል መጋዘን ነበር እኮ! አይጥ አባርሬ፣ ጣሪያውን ደፍኜ ነው አዳራሽ ያደረግኩት። ከጦሩ ተበትኜ በእግሬ ስገባ የነበረኝ አንድ ካፖርትና ይኼ ሙያ ነው። በክፍለ ጦሩ ቡድን ውስጥ ቦክስ ተጫውቻለሁ። ጎረምሳ ሰብስቤ ማማታት ስጀምር ቀበሌው ጠራኝ፤ ለምን ዓላማ ነው አሉኝ። ዓላማ! ስፌት ቤቴ ውስጥ ከድንኳን ሸራ ጓንት ሰፋሁ፣ ሱፍ ጠቀጠቅሁበት። የመጀመሪያዎቹ ልጆቼ በዚያ ነው የተማሩት። ዛሬ አንዱ መምህር ነው፣ አንዱ ቄስ፣ አንዱ ሱዳን።

ወርቅ ግን የለም። አሥራ አራት ዓመት፣ ሁለት ነሐስ።

ዘንድሮ ከአዲስ አበባ የአንድ ክለብ ሰው ሊመለከት ይመጣል ተብሏል። ማስሬ ሰምቷል። እንቅልፍ የለውም። እኔም የለኝም።

ህዳር 23፣ ቅዳሜ። ከገበያ በኋላ

የገበያ ቀን። ሱቄ ሞልቶ ዋለ። ከበየዳ የወረዱ ሰዎች ጋቢ የሚያስጠልፉ፣ ሱሪ የሚያሳጥሩ። ዓይኔ ለቅርብ ነገር ከዳኝ መሰለኝ፤ መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። ማስሬ ቁጭ ብሎ ነበር፣ ሰጠሁት።

አንገቱን ወደ ግራ አዞረና መርፌውን በቀኝ ዓይኑ ፊት ያዘው። አስገባ። ሳቅሁ። እንደ ዶሮ ነው እንዴ የምታየው፣ በሁለቱ ተመልከት እንጂ አልኩት። ለጨዋታ ብዬ ቀኝ ዓይኑን በመዳፌ ከደንኩት።

ክሩ ከመርፌው በጣት ያህል ርቆ አየሩን ወጋ። እንደገና። እንደገና።

አቧራ ገብቶብኝ ነው አለ።

አልጠየቅኩትም። ለምን አልጠየቅኩትም? ደንበኛ ገባ፣ ያ ነው ምክንያቱ ብዬ ልጽፍልህ ነበር። አይደለም። መልሱን ፈርቼ ነው።

ህዳር 25፣ ሰኞ። ጠዋት 4፡00

ጠየቅኩት። ሌሎቹን አሰናብቼ፣ የቡጢ መለማመጃው ከረጢት ሥር አስቀምጬ።

ከጥቅምት ጀምሮ ነው። የወዳጅነት ግጥሚያ ከተጫወትን ወዲህ። መጀመሪያ ብልጭ ብልጭ ይልበት ነበር፤ እንደ ትንኝ ጥቁር ነጠብጣብ ታየው። ከዚያ ከታች በኩል መጋረጃ የመሰለ ነገር መጣ። አሁን ግማሹን ይዞታል። በግራ ዓይኑ ሲያየኝ ከአንገቴ በታች የለሁም።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«ብነግርህ ታጫውተኝ ነበር?»

የጓንቴን ክር መፍታት ጀመርኩ።

«ሦስት ግጥሚያ ናት ጋሼ። ሦስት። ክለቡ ከወሰደኝ እዚያው አዲስ አበባ እታከማለሁ። ካልወሰደኝ የበቅሎ ልጓም ስጎትት ልኖር ነው፤ ለልጓም ደግሞ አንድ ዓይን ይበቃል።»

እጄን ያዘ። ለእናቱ እንዳልነግር አስማለኝ። ማልኩ።

ከሰዓት፦ አቋሙን ቀየርኩለት። እንደ ግራኝ ይቁም። ቀኝ ትከሻው ከፊት፣ የሚያየው ዓይን ይቅደም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ገባው! እንደ ውኃ ነው። ልጆቹ ሁሉ ቆመው አዩት። ደስ አለኝ። እግዜር ይይልህ ይርጋ፣ ደስ አለህ።

ታህሳስ 1፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ በሚኒባስ ዳባት ወርጄ ነበር፣ ከማስሬ ጋር። እናቱ ወ/ሮ ዘውዴ ከመሄዱ በፊት ልየው ብለው ልከውብን ነው። ባል የላቸውም። ያላቸው እሱ ነው።

የሹሮ ፍትፍት አቀረቡ። ማስሬ ለእኔ ውኃ ሊቀዳ ተነሣ፤ ከብርጭቆው ውጪ መደቡ ላይ አፈሰሰው። ተሳሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። እሱ ወደ ጓሮ ሲወጣ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ ዓይኑን ምን ሆኖ ነው?»

«አቧራ ነው እትዬ። የመንገዱ አቧራ። አንቱ ደግሞ በትንሹ ይጨነቃሉ።»

«እኔ አንተን ነው የማውቀው ይርጋ። ቦክስህን አላውቅም። በአደራ ነው የሰጠሁህ።»

አውቃለሁ አልኩ። ጉንጬ ሲግል ይታወቀኛል። አንድ ቁና የተቆላ ባቄላ በጨርቅ ቋጥረው አሸከሙኝ፤ እስከ ደባርቅ ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ።

ታህሳስ 5፣ ሐሙስ

ጤ/ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። እያጠፍኩላት፣ የማውቀው ሰው እንዲህ እንዲህ ይለዋል ብዬ ነገርኳት። ብልጭታው፣ ትንኙ፣ መጋረጃው። ሰውየው ማገዶ ሲፈልጥ ተመትቶ ነው አልኳት።

ቀሚሱን ትታ አየችኝ። የዓይኑ የውስጥ ሽፋን ተልጦ ይሆናል አለች። ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም፤ ጎንደር ሆስፒታል ይሂድ። እንደገና ከተመታ የቀረውም ይሄዳል። «ማገዶውን ይተው» አለች ስትወጣ። የምን ማገዶ እንደሆነ የገባት መሰለኝ። ከተማው ትንሽ ነው።

ወርቄ ከጓዳ ሰምታለች። ሚስቴ ስትቆጣ ድምጿ ይቀንሳል። የማነው ሜዳሊያው አለችኝ፣ የሱ ነው ያንተ?

ለሱ ብዬ ነው አልኳት። አዳራሹም እንዳለ፣ የቀሩት ልጆችም እንዳሉ። ብዙ ተናገርኩ። ሰማችኝና ልብስ ልታጥብ ወጣች።

ስምንት ቀን ቀረ። ማስሬ 58.5። ፍጥነቱ ያስፈራል።

ታህሳስ 12፣ ሐሙስ። ጎንደር፣ ቀን 9፡00

ይህን መጻፍ አልፈልግም። ቢሆንም ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ነገ አላደረግኩትም እላለሁ።

የሕክምና ምርመራ ነበር። ደም ግፊት፣ ሳምባ፣ እጅ። መጨረሻ ላይ ዓይን። ያቺ እግሯ ወዲህ ወዲያ የምትዞር ፊደል ያለችበት ሰሌዳ፤ ወዴት እንደዞረች በእጅ ይጠቆማል። አንድ ዓይን ተከድኖ፣ ከዚያ ሌላው።

እኔ የስም ዝርዝር ላስረክብ ቀድሜ ገባሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ፈገግተኛ። ወረቀቴን እስክትፈርም የታችኛውን መስመር በቃሌ ያዝኩት። ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ። ወጥቼ ሰልፉ ላይ ጆሮው ውስጥ ነገርኩት። እንደ ዳዊት ደገመው።

አለፈ።

ከበር ሲወጣ ትከሻዬን መታ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ልጆቼን ከቀበቶ በታች እንዳይመቱ፣ ዳኛ እንዳያታልሉ ሳስተምር ኖሬ።

ታህሳስ 13፣ አርብ

የመጀመሪያ ግጥሚያ። አሸነፈ፣ በነጥብ፣ በሰፊው። ተጋጣሚውን የግራኝ አቋሙ ግራ አጋባው። የአዲስ አበባው ሰው ከኋላ ተቀምጦ ጻፈ ጻፈና ስሙን ጠየቀኝ። ማስረሻ አልኩ። የአባቱን ስም ሁለቴ ጠይቆኝ ነው የነገርኩት።

የስፖርት ኃላፊያችን ጎንደር ድረስ መጥቷል። አቀፈኝ።

ታህሳስ 14፣ ቅዳሜ። ከግጥሚያው በኋላ

ግማሽ ፍጻሜ። አሸነፈ። ይህን አስቀድሜ ልበልህ፤ አሸንፏል።

አንደኛው ዙር የኛ። ሁለተኛው የኛ። በሦስተኛው የዚያኛው ማዕዘን ነቃ። አሠልጣኙ ምን እንዳየ አላውቅም፣ ብቻ ገመዱን ይዞ «በግራው! በግራው ግባ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ልጁ ሰማው። በማስሬ ግራ ዞረና በቀኝ እጁ መታው። ደገመው። ሠለሰው። ማስሬ ቡጢው ካረፈ በኋላ ነው ራሱን የሚያዞር። ሕዝቡ ደፋር ነው ብሎ አጨበጨበለት። ደፋር አይደለም፤ አላየውም። እዚህ ይህን የምናውቀው ሁለት ነን።

ፎጣው እጄ ላይ ነበር። ግጥሚያውን ላስቆም፣ ልወረውረው እጄን አነሳሁ። አርባ ሰከንድ ቀርቷል። መልሼ ትከሻዬ ላይ አደረግኩት።

ደወል። እጁን አነሱለት። ወደ ማዕዘኑ መጣና ገመዱን ሊይዝ እጁን ሰደደ፤ ገመዱ ከዚያ ወዲህ ነበር። ከመድረኩ ሲወርድ መረማመጃው ላይ ቆመ። እንደ ሽማግሌ እጄን ፈለገ።

«ጋሼ፣ መጋረጃው እስከ ላይ ወጣ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ እየሳቀ ለሕዝቡ እጁን እያወዛወዘ። «ግራው ጨለመ። ቀኙ ግን ደህና ነው። ነገ ብቻ ናት።»

ነገ ብቻ።

ታህሳስ 15፣ እሁድ። ጎንደር፣ ቀን 7፡00

ፍጻሜው 9፡00 ላይ ነበር። አይኖርም።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ደጀ ሰላም ቆምኩ። ልጸልይ ነበር፤ ግን የምለምነው ጠፋኝ። እንዲያሸንፍ ልለምን? እንዳይመታ? ወ/ሮ ዘውዴ ያሸከሙኝ ቁና ባቄላ ጭኔ ላይ የከበደኝ ትዝ አለኝ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪሟ።

ሁሉንም ነገርኳት። ሰሌዳውን በቃሌ እንደያዝኩት፣ እንደነገርኩት። ፊቷ ጠቆረ። እኔ እኮ ነኝ ፈርሜ ያሳለፍኩት አለች። አስጠራችው።

ማስሬ ገባ። ገና እኔን ሲያይ ገባው፤ ግን ተቀመጠ። ቀኝ ዓይኑን በጥጥ ከደነችው። ሰሌዳውን ከግድግዳው አወረደችና ምንም ሳትል ገልብጣ ሰቀለችው።

«ትንንሾቹን ፊደላት» አለችው።

«ላይ» አለ በእጁ እየጠቆመ። «ቀኝ። ታች። ታች። ግራ።»

አንዱም ልክ አልነበረም። እኔ የሰጠሁትን ነው የሚመልሰው። ጮክ ብሎ፣ በእርግጠኝነት። መስማት አቅቶኝ ፊቴን አዞርኩ።

ሐኪሟ ጥጡን አነሳችለት። ሰሌዳውን አየው። ብዙ ጊዜ አየው።

«ገደልከኝ ይርጋ» አለኝ። ጋሼ አላለኝም። ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

የውድድሩ ኮሚቴ ጠራኝ። ለጊዜው ከማሠልጠን ታግጃለሁ፤ የክለባችን ውጤት ተሰርዟል። ተገቢ ነው አልኩ። የስፖርት ኃላፊያችን በረንዳ ላይ ጠብቆኝ ነበር። ምነው እስከ ማታ ዝም ብትል አለኝ። እሱም ልጆች አሉት፤ ያለውን እሱ ራሱ የሰማው ከተናገረ በኋላ ይመስለኛል፣ ዓይኑን ሰበረ።

ማስሬ በሚኒባሳችን አልመለስም ብሎ ላከ።

ታህሳስ 17፣ ማክሰኞ። ደባርቅ

ሱቄን ከፈትኩ። ሰው ይገባል፣ ጨርቁን ያስቀምጣል፣ ስለ ጎንደር አይጠይቅም። ከመጠየቁ የባሰ ነው። ልጆቹ በጠዋት አፋፉ ድረስ ብቻቸውን ሮጠዋል። ከመስኮት አየኋቸው።

ማስሬ ሆስፒታል አልሄደም። ትናንት እንግዳ ጭኖ ወደ ጨነቅ ወጥቷል አሉኝ። ጨነቅ! ያ ገደል! በግራ በኩል ገደል ሲሆን ምን ሊያይ ነው?

ወርቄን ምን ላድርግ አልኳት። መጀመሪያ እናቱ ጋ ሂድ አለችኝ።

ታህሳስ 18፣ ረቡዕ

ዳባት። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፣ ተቀመጥ ሲሉኝ አልተቀመጥኩም። አቧራ እንዳልነበር። ያኔም እንደማውቅ። ሐኪሟን በምን እንዳታለልኩ።

ወ/ሮ ዘውዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ። አላለቀሱም። አልረገሙኝም። እርግማን ብሰማ በወደድኩ።

«በፊቴ ቆመህ አቧራ ነው አልከኝ» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«ከእኔ ቤት በልተህ።»

«አዎ።»

 በረንዳው ላይ በግ ታኝካለች።

«እኔ ገደል መውጣት አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ያወጣኸው አንተ ነህ፤ አንተው አውርደው። ከዚያ ወዲያ ይቅር እንደምልህ እንደማልልህ አላውቅም። አሁን አትጠይቀኝ።»

አልጠየቅኩም።

ታህሳስ 20፣ አርብ። ጨነቅ፣ ከቀኑ 8፡00

በጭነት መኪና ላይ መጣሁ። ከንፈሬ ተሰንጥቋል። ማስሬን ከካምፑ በታች በቅሎ ሲያራግፍ አገኘሁት። አየኝና ሥራውን ቀጠለ። በቅሎዋን በቀኙ በኩል ያስቆማታል ሁልጊዜ። ግንባሩ ላይ አዲስ ቁስል አለ።

ጓደኞቹ ነገሩኝ፤ ትናንት ጠባቡ መንገድ ላይ እግሩ አፈር ስቶ ነበር። ልጓሙ ነው የያዘው። በቅሎዋ ወደ ኋላ ባትጎትት...

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት ያህል። ራሱ መጣ።

ለምን መጣህ አለኝ። ለእናትህ ነግሬያለሁ አልኩት። ዘሎ አንገቴን ሊይዝ መሰለኝ። አልሸሸሁም። እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

«ምን አለች?»

«አውርደው አሉኝ።»

ፊቱን አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ አፍንጫው ሲሰበርም አላለቀሰም።

«አሸንፍ ነበር እኮ ጋሼ።»

«ታሸንፍ ነበር።» ይህ ውሸት አይደለም። የዚያን ልጅ ግጥሚያ አይቻለሁ፤ ያሸንፈው ነበር።

«ብሄድ ዓይኔ ይመለሳል?»

ይመለሳል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጅን ማጽናናት ልማዴ ነው፤ በሁለት ዙር መሀል ለአሥራ አራት ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው። ደህና ነህ፣ አልደከምክም፣ አንተ ትበልጣለህ።

«አላውቅም» አልኩት።

ለብዙ ጊዜ አየኝ፣ ራሱን አዘንብሎ፣ በቀኙ።

«እሺ» አለ። «በቅሎዎቹን ላስረክብ።»

ታህሳስ 23፣ ሰኞ። ጎንደር፣ ሆስፒታል

የዓይን ሐኪሙ ሽማግሌ ናቸው። ብርሃን እያበሩ ለረጅም ጊዜ አዩት። ግራው ተልጧል፤ ዘግይቷል። በቀዶ ጥገና ቢሠራም ጥላ ለመለየት ያህል እንጂ ማንበብ የለም አሉ። ከዚያ ቀኙን አዩ። እንደገና አዩት። የቀኙም ጠርዝ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ጀምሯል። በጊዜ ከተያዘ ይድናል።

ማስሬ ጠየቃቸው፤ በፍጻሜው ቀን በዚህ ዓይን ብመታ ኖሮስ?

«ዛሬ ሰው መርቶህ ነበር የምትመጣ» አሉት።

ማናችንም ወደ ማናችንም አላየንም።

ይህ ቀዶ ጥገና ጎንደር አይሠራም፤ አዲስ አበባ ጽፈውልናል። በአስቸኳይ የሚል ተሰምሮበታል። ለወ/ሮ ዘውዴ ዳባት ስልክ ደወልኩ፤ ጎረቤት ቤት አስጠራኋቸው። አብረኸው ትሄዳለህ ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲያ የበግ ቆዳውን ያዝለት፣ ብርድ አይችልም» አሉና ዘጉ። ስለሌላው ነገር አላነሱም።

ታህሳስ 24፣ ማክሰኞ። ጠዋት 12፡00፣ ጎንደር፣ አውቶቡስ መናኸሪያ

አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ነው። ቶሎ ልጻፍ።

የአዳራሹን ቁልፍ በወርቄ እጅ ለጽ/ቤቱ ልኬያለሁ። ከደብዳቤ ጋር። አዳራሹን ለፈለጉት ያድርጉት። እገዳዬ ቢነሳም፣ ሐኪም ዓይኑን ላላየለት ልጅ ጓንት አላስርለትም፤ ይህንንም ጽፌ ፈርሜያለሁ። ልጆቹ ሜዳ ላይ ይሩጡ፤ ሩጫ ጣሪያ አይፈልግም። ስመለስ ይወቅሱኝ።

ማስሬ አዲስ አበባን አያውቅም። እኔም ከጦሩ ወዲህ አላየኋትም። ትናንት ከዚያ ክለብ ሰው ስልክ ተደውሎ ነበር፣ ወሬውን ሰምቶ፤ ይማረው አለ፤ ሌላ አላለም። ለማስሬ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። የትኬቱን ቁጥር ተመልክቶ ወንበር እንድንቀይር ለመነኝ፤ መስኮቱ በቀኜ በኩል ይሁንልኝ ጋሼ፣ እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ አልተኛም፣ መንገዱን ሁሉ ላየው ነው አለኝ። ከአንዲት መነኩሴ ጋር ተለማምጬ አስቀየርኩለት። አሁን መስታወቱን በእጅጌው እየወለወለ ነው። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፣ ረዳቱ በሩን እየዘጋ ነው።